አራት ቸርኬና የሚላጥ ቀለም

መኪናዬ ነጭ አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ እሷን የመሰለች ዲላ ውስጥ ሞልቷል። ከሌሎቹ የሚለያት ቸርኬዋ፣ ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት፣ ነበር። ኮንጋ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቡና ወቅት ደግሞ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ያለው ኮረኮንች ድንጋዩን እያነሳ ቸርኬው ላይ ይወረውራል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቀዩ ጭቃ በተፋቀው ቦታ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ብረቱ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ የላይኛው ሽፋን በየቦታው ተነሳስቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን አሳስቦኝ አያውቅም። መኪና ለእኔ የምታደርሰኝና የምትመልሰኝ ነገር ናት። ቸርኬዬን አስተውዬ ማየት የጀመርኩት አባቴ ከታመመ በኋላ ነው።

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። በየአካባቢው ከታጠበው ቡና ናሙና ይመጣልኛል፤ አሸታለሁ፣ በማንኪያ እምጋለሁ፣ እተፋለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ። ሰው እንጀራሽ ምላስሽ ነው ይለኛል፤ የሚያበላኝ ግን አፍንጫዬ ነው። በአፍንጫዬ ደግሞ እኩራራለሁ፣ አልደብቅም። አንድ ጊዜ ከፍስሐ ገነት የመጣ ቡና ገና ስኒው አፌ ሳይደርስ "ይኼ ናፍታ አጠገብ ተቀምጦ ነበር" ብዬ መልሼዋለሁ። ባለቤቱ ተቆጣ፣ ማለ፣ ተገዘተ። ኋላ ሾፌሩ ሲጠየቅ ከጆንያዎቹ ጎን አንድ በርሜል ጭኖ እንደነበር አመነ። ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንደነገርኩት አላስታውስም፤ ሰው ባይጠይቀኝም እናገረዋለሁ። ለምን እዚህ እንዳነሳሁት ቆይቶ ይገባችኋል።

አባቴ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከጪጩ እስከ ፍስሐ ገነት የተጋጨ መኪና ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። ልጅ ሆኜ ሥራ ቦታው ስሄድ የማይሰለቸኝ ነገር ቢኖር ቀለም ሲያዋህድ ማየት ነበር። ቀለሙንና ቲነሩን በዓይኑ አይለካም። በጣሳ ያዋህድና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል፤ "ትንሽ ይቀረዋል" ይላል፣ ይጨምራል፣ ደግሞ ያሸታል። ከዚያ የቀለም መርጫውን ያነሳል። ያ መርጫ እጁ ላይ ሲሆን ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም፣ በሩ ላይ ሲያልፍ የቀለሙ ጉም ከብረቱ ጋር ተስማምቶ ይተኛል። ዛሬም ከተማ ውስጥ ስነዳ አንዳንድ አሮጌ መኪና ሲያልፈኝ የአባቴ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ሞተሩ እያቃሰተ ቀለሙ ግን ዛሬ የተቀባ ይመስላል።

ለእሱ ከስድብ ሁሉ የከፋው ስድብ "ቀለምህ ተላጠ" መባል ነው። አንድ ጊዜ የአንድ አውቶቡስ ጎን በዓመቱ መላጥ ጀመረና ባለቤቱ አምጥቶ አሳየው። ጥፋቱ የባለቤቱ ነበር፤ ርካሽ ቀለም ገዝቶ ያመጣው እሱ ነው። አባቴ አልተከራከረም። አውቶቡሱን ሙሉ ለሙሉ ፍቆ እንደገና ቀባው፤ ያን ሳምንት ቤታችን ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ስለ አነጋገሩም ልናገር፣ ኋላ ግራ እንዳይገባችሁ። አማርኛ የተማረው ጋራዥ ውስጥ፣ ከወንዶች መሀል ነው። ስለዚህ ሴት ልጁን እኔንም እናቴንም "አንተ" ይለናል። ትምህርት ቤት እያለሁ ላርመው ሞክሬ ነበር፤ "እሺ፣ ገባኝ፣ አንተ አስተማርከኝ" አለኝና ተውኩት።

ካቻምና ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩም አንደበቱም ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። የሻይ ብርጭቆውን ከግማሽ በላይ አንሞላለትም። ሥራ ቦታውን ዘጋ፤ መርጫውን ቤት አምጥቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ምስማር መትቶ ሰቀለው። እናቴ ሳሎን የዚህ ቦታ አይደለም ብላ ነበር፣ አልሰማትም። በየሳምንቱ ያወርደዋል፣ ይፈታዋል፣ ያጸዳዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፣ ይሰቅለዋል። ይህን ሁሉ በሚንቀጠቀጥ እጅ ሲያደርግ ሙሉ ከሰዓቱን ይወስድበታል። እናቴም እኔም አጠገቡ እያለፍን እንዳላየን እንሆናለን።

እሱ ያሠለጠነው አንድ ሰው አለ፤ ዛሬ የራሱ ጋራዥ ያለው፣ ሽበት የጀመረው ትልቅ ሰው ነው። እሱ መጣና በብዙ አክብሮት፣ መሬት መሬት እያየ፣ መርጫው ያለ ሥራ ከሚሰቀል ለእሱ ቢሰጠው እንደ አደራ እንደሚይዘው ተናገረ። አባቴ "በሚቀጥለው እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ና፣ መልሴን እነግርሃለሁ" አለው። ሰውየው ሲወጣ እናቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ያ መርጫ ከዚያ ምስማር ላይ ከወረደ አባቴ ባዶውን ግድግዳ እያየ እንደሚቀመጥ ሁለታችንም አውቀናል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማልቀስ አይሆንልኝም፤ አንድ ነገር ካላደረግሁ እናደዳለሁ።

ያደረግሁት ነገር ይኼ ነው። ስልኬ ላይ አንድ ሰው ያረጀ ቸርኬ በላስቲክ ቀለም ሲነፋ አይቼ ነበር። ቀለሙ በጣሳ ነው የሚመጣው፣ ኮምፕሬሰር አይፈልግም፤ ሲደርቅ እንደ ስስ ላስቲክ ይሆናል፤ ካልወደድከው ጠርዙን ይዘህ ትልጠዋለህ፣ ከሥር ያለው ብረት እንደነበረ ነው። እጁ የሚሳሳት ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? ቢፈስበት ይልጠዋል፣ እንደገና ይነፋል። ለሥራ አዲስ አበባ የሚሄድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን ለምኜ ስድስት ጣሳ ከሰል የመሰለ ግራጫ ቀለም አስመጣሁ። እሁድ ሳይመጣ፣ ረቡዕ ማታ ከራት በፊት፣ አባቴ ፊት ደረደርኩለት።

አንዱን አንስቶ አገላበጠው። ምን ይላል አለኝ፣ አነበብኩለት። ሲደርቅ የሚላጥ ነው ስለው ጣሳውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

"አርባ ዓመት እንዳይላጥ ስለፋ ኖርኩ" አለ። "አሁን ልጄ የሚላጥ ቀለም ገዝቶ መጣ።"

ስቄ ለማለፍ ሞከርኩ። ቸርኬዬ እንዴት እንደሚያሳፍር፣ ኮንጋ ያሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ እንደሚቀልዱብኝ ነገርኩት። ቀልደውብኝ አያውቁም። እሱ ግን እኔን ሳይሆን እጁን እያየ ነበር። በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ግልጽ አድርጎ ነገረኝ፤ ይኼ ከሆነለት መርጫው ግድግዳው ላይ ይቆያል፣ ካልሆነለት እሁድ ሰጥቶት ይገላገላል። "ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው" አለ። "በዚህ ካቃተኝ ሌላው አይታሰብም።"

ሐሙስ ዕለት ሥራውን ላቀልለት ብዬ መኪናዋን ወንዝ ዳር ካሉት አጣቢዎች ዘንድ ወሰድኳት። በከተማችን ታጥቦ ከሥር ናፍታ ያልተረጨ፣ ጎማና ቸርኬው በናፍታ ጨርቅ ያልተወለወለ መኪና ታጠበ አይባልም። ጥቁሩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ባለ መኪናው ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ መታጠብ ማለት እንደዚያ መሆኑን ነው የማውቀው። ቸርኬውን በተለይ በደንብ አድርግልኝ አልኩት አጣቢውን። ሰውየው አደራ በላ አይደለም፤ በሁለት ጨርቅ ወለወለልኝ። ግቢያችን ስገባ ያረጀው ቸርኬ ሳይቀር ያበራ ነበር።

አርብ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን የመጀመሪያውን ጎማ ፈታን፤ ዳዶዎቹን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ቆሞ አዘዘኝ። ጎማውን ጓሮ ያለች የቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ እኔ ከሥራ ያመጣሁት አሮጌ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አስተኛነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየው። በሳሙና ታጥቧል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ታጥቧል አልኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ነክቶታል ወይ አለኝ።

"ምን ይነካዋል?" አልኩት። ጥያቄው ራሱ አናዶኝ ነበር።

በቲነር የተነከረ ጨርቅ ሊያነሳ ሲል ደግሞ ከለከልኩት። ሁለት ቪዲዮ ያየሁ ሰው አይደለሁ፤ ቲነር ለዚህ ቀለም አይሆንም አልኩ። አንገቱን ነቀነቀና ጨርቁን አስቀመጠው። በልጁ ማመኑ ነበር።

ጎማው ቀለም እንዳይነካው ስኮች ልገዛ ስነሳ እናቴ ከጓሮ የደረቀ የኮባ ቅጠል ቆርጣ መጣች። አባቴ በጣት ስፋት እየቀደደ በጎማውና በቸርኬው መሀል ባለው ክፍተት አንድ በአንድ ሰካው፤ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየሸፈነ። ስኮች እንደዚያ አይቀመጥም። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንኳ አንድም ክፍተት አልተወም። ቆሜ ሳየው ልቤ ሞላ፤ ይሆንለታል አልኩ።

አልሆነለትም። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ መንፋት ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዙር ገና ሲያርፍ ቀለሙ በየቦታው እየተሰበሰበ ነጠብጣብ ሆነ፣ በመሀሉ ብረቱ እየታየ። ጠብቀን ሁለተኛ ደገመ፤ እዚህ ወፍሮ እዚያ ሳስቶ፣ በአንዱ ጎን ፈሰሰ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሁለት ሰዓት ቆይተን በአውራ ጣቱ ሲነካው ቀለሙ ከጣቱ ጋር ተንሸራቶ ሄደ። አባቴ ጣቱን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ።

እኔ ግልፍተኛ ነኝ። የማዝንበት ነገር ሲበዛ ቁጣ ነው የሚቀናኝ። ጣሳውን ከእጁ ተቀብዬ፣ ወይም ነጥቄ ልበል፣ "በቃ፣ እጅህ አይሆንም፤ ተቀበለው" አልኩት።

ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ የጨርቁን ጫፍ ፈልጎ ጣቱን ጠረገ፣ ወደ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቼ ስገባ መርጫውን ከምስማሩ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል፤ እናቴን ንጹህ ጨርቅ ፈልግና ጠቅልልልኝ፣ እሁድ ሰውየው ሲመጣ እንዲህ ተራቁቶ አይውሰደው እያላት ነው፤ ያው እሷንም "አንተ" እያለ። እናቴ አላየችኝም፣ ላለማየት ነው። 

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ያን የተበላሸ ነገር እሱ ሳያየው ልጬ ልጥለው አስቤ ነበር። ጠርዙን በጥፍሬ ሳነሳው ያለ አንዳች ልፋት፣ ሰፊ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ከውስጥ በኩል ያለው ገጽ ያብረቀርቃል። ጣቴን አሻሸሁበት፤ አዳለጠኝ። ወደ አፍንጫዬ አመጣሁት።

ናፍታ።

ከፍስሐ ገነት በመጣ አንድ ስኒ ቡና ውስጥ ለይቼ የያዝኩትን ሽታ የገዛ መኪናዬ ላይ፣ በገዛ ገንዘቤ አስወልውዬ፣ ሁለት ቀን አጠገቡ ቆሜ አልያዝኩትም። ናፍታ ቡና ላይ ሲሆን ጠላቴ ነው፣ መኪና ላይ ሲሆን ግን ያው የመኪና ሽታ ነው፤ መኪና ናፍታ ቢሸት ምን ይገርመኛል? ቀለሙ ያልያዘው በእኔ ምክንያት ነው። እጁ ትንሽ አፍስሶ ሊሆን ይችላል፣ ተሰብስቦ ነጠብጣብ የሆነው ግን፣ ተንሸራቶ የሄደው ግን የእኔ ነው። እኔ ደግሞ እጅህ አይሆንም ብዬዋለሁ። የማድረቂያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ይህ ሐሳብ መጥቶልኝ እንደነበርም አልክድም።

ልጣጩን እንደያዝኩ ገባሁ። አባቴ ሳሎን ብቻውን ነበር፤ መርጫው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፊቱ አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አጣቢው በናፍታ እንደወለወለው፣ ሌላ ነገር ነክቶታል ወይ ሲለኝ እንዳላሰብኩ፣ ቲነሩንም የከለከልኩት እኔ መሆኔን። ይቅርታ አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴን ይቅርታ ያልኩበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው፣ ቃሉ ራሱ አፌ ውስጥ ከበደኝ።

ልጣጩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አመጣው። ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ደግሞ ወሰደ። እንደሚቆጣ ጠበቅሁ። ፊቱ ላይ ግን ያየሁት ቁጣ አልነበረም።

"ናፍታ ነው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ። አይሸትህም?"

ልጣጩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋውና በመዳፉ አስተካከለው። "አይሸተኝም" አለ። "ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ከዚያ በፊትም ቲነሩ ቀስ በቀስ ሲበላው ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም። እጄን ሁሉም ሰው ያያል። ይኼን ግን እናትህም አያውቅም።"

 እጁን ነበር ስንጠብቅለት የኖርነው፤ ብርጭቆውን ግማሽ የምንሞላው፣ ሲጽፍ ዞር የምንለው ለእጁ ነው። እሱ ግን ለካ የሚፈራው ሌላ ነው። ሳያሸት የቀባ ቀቢ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚነዳ ሾፌር ነው አለኝ፤ ቀለሙ መድረሱን፣ ብረቱ መጥራቱን፣ ቅባት መኖሩን በምን ያውቃል? መርጫውን ለመስጠት ያሰበው በእጁ ምክንያት እንዳልሆነም ነገረኝ።

"ለእጄስ መላ አለኝ" አለና ተነሳ።

ተከትዬው ወጣሁ። መጠለያዋ ጥግ፣ በጆንያ የተሸፈነ ነገር አለ፤ ለወራት ሳየው የእንጨት ክምር ነበር የመሰለኝ። ጆንያውን ገለጠው። መሬት ውስጥ የተተከለ ወፍራም ግንድ፣ ግንዱ ላይ የታሰረ የአሮጌ መኪና ሞዞ፤ ጎማ የሚታሰርበት የሚሽከረከረው ብረት ማለት ነው። ገፋ ሲያደርገው ያለ ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ ግሪሱ አዲስ ነው። ከፊቱ አጭር መቀመጫ አለ፤ ከመቀመጫው ጎን ክንድ የሚያርፍበት ጣውላ ተመትቷል። እጁ አይሄድም፣ ቸርኬው ነው የሚሄደው። እጁ አንድ ቦታ አርፎ ሲንቀጠቀጥ ቸርኬው እየዞረ መንቀጥቀጡን ዙሪያውን ሁሉ እኩል ያካፍለዋል። ማንም ሳያየው፣ በዚያች እጅ፣ ብሎን በብሎን ይህን ሠርቷል። ታዲያ አርብ ዕለት ለምን አልተጠቀምክበትም አልኩት። ካልሸተተኝ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት፣ ለአንተ ደስ እንዲልህ ብቻ ነው የነፋሁት አለኝ።

አባቴን ሁልጊዜም አደንቀው ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ከማውቀው በላይ ሰው ሆነብኝ።

"አባዬ" አልኩት፣ "እኔን እኮ የሚያበላኝ አፍንጫዬ ነው።"

 ናፍታውን ያላሸተተ አፍንጫ ነው ብሎ ሊቀልድብኝ ይችል ነበር፣ መብቱም ነበር። "እንግዲያው ና አሽትት" ብቻ አለኝ።

ሥራዬን እንደምሠራ ሆኜ ነው የሠራሁት። ቁርስ አልበላሁም፣ ሽቶ አልነካሁም፣ እጄን በውኃ ብቻ ታጠብኩ። ሁለት ቸርኬ በኦሞ አጠብን፤ አሸተትኩ፣ ናፍታው አለ። ደገምን፤ አለ፣ ግን በዳዶዎቹ ቀዳዳ ብቻ። እናቴ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጥታ ቀዳዳዎቹን ለብቻ ፈተገቻቸው፤ ምን እየሆነ እንደሆነ አልጠየቀችም፣ የናፍታውን ነገር ከሳሎን ሰምታ ነበር መሰለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ታጥቦ፣ በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ አፍንጫዬን ከብረቱ አንድ ጣት አርቄ ዙሪያውን ሁሉ ሄድኩበት። የቀዘቀዘ ብረት ብቻ ሸተተኝ። ንጹህ ነው አልኩ። አባቴ ደግሜ እንዳሸት አላዘዘኝም።

ቸርኬውን ሞዞው ላይ አሰርን፤ ኮባው ተሰካ። አባቴ ተቀመጠ፣ ክንዱን ጣውላው ላይ አሳረፈ። ጣሳውን ሲነቀንቅ ውስጡ ያለችው ኳስ ትንኳኳለች፤ መነቅነቁንማ ያ እጅ ያውቅበታል አለና ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ማዞሩ የእኔ ሥራ ሆነ። "ቀስ፣ አትቁም፣ አትቸኩል" ይለኛል፤ ልጅ ሆኜ ክንዱ ሲሄድ ያየሁትን ፍጥነት አሁን እኔ በእጄ ላመጣለት ነው። ሦስት ዙር ሳዞር አገኘሁት። ቀለሙ እንደ ጉም ወጥቶ ቸርኬው ላይ ተኛ፤ የመጀመሪያው ስስ ነው፣ ብረቱ ያሳያል። አርፈን ሁለተኛ፣ አርፈን ሦስተኛ፣ እስከ አምስት። በመሀል ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ መነጋገር አቃተን፣ በእጅ ምልክት ብቻ ሠራን። አንዳችም አልፈሰሰም። የመጨረሻው ዙር ገና ሳይደርቅ ኮባውን አንድ በአንድ ነቀለው፤ ጎማው ላይ ጠብታ የለም፣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ያን ተሸራርፎ የነበረ ቸርኬ አላወቅሁትም።

በዚያ ቀን ሁለት ብቻ ደረሰልን። እሁድ ጸሎት ቤት የሄድነው በአንድ ጎን አዲስ፣ በሌላው ጎን አሮጌ ቸርኬ ባላት መኪና ነው፤ በየትኛው ጎን ባቆማት እንደሚሻል ስጨነቅ እናቴ ሳቀችብኝ።

መርጫውን የጠየቀው ሰውዬ በቀጠሮው መጣ። ግቢ ሲገባ መኪናዋ አጠገብ ቆመ። ቁጢጥ አለና መዳፉን ቸርኬው ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈ፣ ጠርዙን በጥፍሩ ጫፍ ተከተለው። ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ማን ሠራው ብሎ አልጠየቀም፤ ከአባቴ የተማረ ሰው አይጠፋውም። ጋሼ፣ መርጫውን የጠየቅሁት ተሳስቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አለው።

አባቴ አስገባው፣ አስቀመጠው፣ በሁላችንም ፊት ነገረው። እንደማይሸተው፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደማይሸተው፣ አንዱንም ሳይደብቅ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለአንድ ቀለም ቀቢ ያሠለጠነው ሰው ፊት ይህን መናገር ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት የሰውየውን ፊት ሳይ ነው። አባቴ ግን አልጨረሰም። መርጫውን ከጨርቁ ፈታና ወደ ምስማሩ መለሰው።

"ይኼን አልሰጥህም" አለው። "ቸርኬው ያረጀ መኪና ካለ ግን ላክልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሁን፣ ልጄ ቅዳሜ ሥራ የለውም።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቀሩትን ሁለት ቸርኬዎቼን ጨረስን፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬ የእኔ አይደለም። ከጋራዡ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት መኪና ይመጣል። አብዛኛው በናፍታ ተወልውሎ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቶቹ ለአባቴ ክብር ብለው አስወልውለው ይልኩልናል፣ እኔም ማንንም አልቆጣም። ጉንፋን ሲይዘኝ ሥራ ይዘጋል። ለአባቴ ስትጨነቅ የኖረችው እናቴ አሁን ቅዳሜ ሲቃረብ እኔን ነው ሻርፕ አድርጊ የምትለኝ። አባቴ በሚላጥ ቀለም ዛሬም አይኮራም። አንድ ደንበኛ ቀለሙ ቢሰለቸኝ እልጠዋለሁ አይደል ብሎ ሲጠይቀው፣ ልትልጠው ትችላለህ፣ ስትልጠው ግን እኔ ፊት አይሁን ብሎታል።

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ታክሲ ቸርኬ አጥበን አሸተትኩና ንጹህ ነው አልኩ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እሱም አፍንጫውን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ልጅ ሆኜ አየው እንደነበረው ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ምንም እንዳልሸተተው አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል።

"አንተ ካልክ ንጹህ ነው" አለና ጣሳውን መነቅነቅ ጀመረ።